አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣችሁ ወጣቶች፦ የመኪና ኢንሹራንስ አከፋፈል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

መንጃ ፈቃዱ ወጥቷል። ዕድሜያችሁ 18 ወይም 19 ነው። ግቢ ውስጥ የአባት ወይም የእናት መኪና ቆሟል፤ ቤተሰብም ቁልፉን ሊሰጣችሁ ተስማምቷል። የቀረው ኢንሹራንሱ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ እዚህ ላይ ሲደረስ «መኪናው እኮ ኢንሹራንስ አለው» ተብሎ ይታለፋል። አዎ፣ መኪናው አለው። ውሉ ግን እናንተን ያውቃችኋል ወይ? ይህን ሳያጣሩ መንገድ መውጣት ቤተሰብን ለከባድ ዕዳ ማጋለጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ መሃል አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የምትይዙ ልጆች ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ የምትሠሩት ሥራ ነው።

1. ያለውን ውል አውጡና አንብቡ

ገንዘብ ከማሰባችሁ በፊት የመኪናውን ዶክመንቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሊብሬው፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲው፣ የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬቱ እና ቦሎው ይገኙበት። ፖሊሲው ብዙ ጊዜ ኪስ ውስጥ ታጥፎ የሚረሳ ወረቀት ነው። አውጡት።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የሽፋኑ ዓይነት ነው። ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወይስ የራሳችሁን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአገራችን ግዴታ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተጀመረ ሲሆን በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ወጥቷል። ይህ መድን የሚከፍለው መኪናችሁ ለጎዳው ሌላ ሰው እና ለሌላ ሰው ንብረት ነው። ለራሳችሁ መኪና አንድ ብር አያወጣም። መሪ ላይ ያለው ሰውም ሦስተኛ ወገን አይደለም። ስለዚህ ሹፌሩ ራሱ ቢጎዳ በዚህ ሽፋን አይታከምም።

ሌላው ነገር፣ ሦስተኛ ወገን የሚከፍልበት ጣሪያ አለው። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ የሚነዱትን መኪኖች ዋጋ ስታዩ ጣሪያ ማለት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው። አሁን የሚሠራበትን መጠን ሰርተፍኬቱ ላይ እዩ፣ ወይም ቅርንጫፉን ጠይቁ።

ሙሉ ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ ማን እንዲነዳ እንደተፈቀደ የሚናገረውን ክፍል ፈልጉ። አንዳንዱ ውል «መድን ገቢው የፈቀደለት፣ ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው» ይላል። አንዳንዱ የሹፌር ስም ይጠቅሳል። ሌላው ደግሞ በዕድሜ ወይም በመንጃ ፈቃድ ልምድ ገደብ ያደርጋል። እዚህ ጋ ያለችው አንዲት መስመር ቀጣዩን ሥራችሁን ሁሉ ትወስናለች።

የውሉን ቀንም አትለፉት። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ወይስ በእኛ? በዚህ ምክንያት ብቻ ሽፋኑ ያለቀበት መኪና ይዞ የሚዞር ሰው አለ።

2. ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ለቤተሰብ በግልጽ ንገሩ

ወላጆች «ስምህን ብናስገባ ዋጋ ይጨምሩብናል፣ ዝም በል» ሊሉ ይችላሉ። ከክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ኑሮው ከብዷቸው ነው። ነገር ግን ሁለት ሕጎችን ቢያውቁ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 ነው። የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያላስፈቀደ ሰው ቢሆን እንኳ። ሊብሬው በአባታችሁ ስም ከሆነ እናንተ ላጠፋችሁት ፍርድ ቤት የሚቆመው አባታችሁ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 ነው። መድን የገባ ሰው አንድን ጠቃሚ ጉዳይ ሆን ብሎ ከደበቀ ወይም በሐሰት ከተናገረ፣ ውሉ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። «መኪናውን የምነዳው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ፎርም ሞልቶ፣ በየቀኑ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የሚሄደው ልጅ ከሆነ አደጋው ነገ ሲደርስ ኩባንያው ይህን ያነሳል። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ተከፍሏል፤ ካሳው ግን የለም። ከዚህ የባሰ ኪሳራ የለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ማለሳለስ አልፈልግም። ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ተብሎ የወጣቱን ሹፌር ስም መደበቅ፣ ሙሉውን አረቦን መንገድ ላይ እንደመጣል ነው። ስማችሁ ወረቀት ላይ ይስፈር።

3. ውሉ በማን ስም እንደሚሆን ወስኑ

መኪናው የወላጅ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ነባሩ ውል ላይ እናንተን እንደ ተጨማሪ ሹፌር ማስገባት። ኩባንያዎቹ ይህን የሚሠሩት በኢንዶርስመንት ነው፤ ከዋናው ፖሊሲ ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ወረቀት ማለት ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ የሚያቀርበው ባለውሉ ስለሆነ አባት ወይም እናት አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው።

ሊብሬው በእናንተ ስም ከሆነ ውሉንም በራሳችሁ ስም ትገባላችሁ። 18 ዓመት የሞላው ሰው በሕግ አካለ መጠን የደረሰ ነውና መፈረም ይችላል።

የሚያስቸግረው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ በውክልና የተገዛ መኪና። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ስም ሳይዛወር፣ በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሦስት ባለቤት በፊት የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲጎዳ ኩባንያው የሚያውቀው ሊብሬውን ነው። ካሳ ለማን እንደሚከፈልም በዚያ ይወሰናል። እንዲህ ያለ መኪና ከያዛችሁ ኢንሹራንስ ከመግባታችሁ በፊት ስም ማዛወሩን ጨርሱ። ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቅደም።

4. ወረቀታችሁን አዘጋጁ

የሊብሬ ኮፒ፣ የመንጃ ፈቃድ ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የባለንብረቱ መታወቂያ፣ የነባሩ ፖሊሲ ኮፒ። ባለንብረቱ መምጣት ካልቻለ ውክልና። ኦሪጅናሉንም ያዙ፤ አንዳንድ ቅርንጫፍ ያመሳክራል። ለሙሉ ኢንሹራንስ መኪናውን ራሱን ማየት ስለሚፈልጉ ይዛችሁት ሂዱ። ግን የሚነዳው ስሙ አስቀድሞ ውሉ ውስጥ ያለ ሰው ይሁን።

የመንጃ ፈቃዳችሁን ምድብም እዩ። የአውቶሞቢል ፈቃድ ይዞ የአጎቱን ሚኒባስ ለመንዳት የሚከጅል ልጅ አለ። ለዚያ ሕዝብ 1 የሚባለው ምድብ ያስፈልጋል። ከምድቡ ውጭ የሚነዳ ሰው ኢንሹራንስ እንደሌለው ይቁጠረው።

5. ቢያንስ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ

መሃል ከተማ ላይ ለዚህ ታድላችኋል። ሰንጋ ተራ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም አካባቢ በእግር ተዘዋውራችሁ የብዙ ኩባንያ ቅርንጫፍ ታገኛላችሁ። በመንግሥት ይዞታ ያለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት አለ። ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ የመጡት የግል ኩባንያዎች ደግሞ እነ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ሕብረት፣ ናይል፣ አፍሪካ፣ ኦሮሚያ እያሉ ይቀጥላሉ። ሁሉም በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ መኪና ማቆሚያ ፍለጋው ራሱ ያደክማል።

የሦስተኛ ወገን አረቦን የሚሰላው በመኪናው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ዋናው የዋጋ ልዩነት የሚታየው ሙሉ ኢንሹራንስ ላይ ነው። እሱ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። የመኪናው ዕድሜ፣ አገልግሎቱ፣ የቀድሞ የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ታሪክ እና የሹፌሩ ሁኔታ ይታያሉ።

ሠራተኛዋ ፊት ስትቀመጡ ሳታፍሩ እንዲህ በሉ፦ «መኪናው የአባቴ ነው፣ እኔም እነዳዋለሁ። 18 ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃዴ የወጣው ገና አሁን ነው። ስሜ ውሉ ላይ እንዲገባ ነው የምንፈልገው። አረቦኑ ላይ ምን ይጨመራል? ኤክሰሱስ ስንት ይሆናል?»

ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ጠይቁ። አረቦኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ኤክሰስ ማለት አደጋ በደረሰ ቁጥር ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ ነው። ኩባንያዎች ዕድሜው ለጋ ለሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ አዲስ ለሆነ ሹፌር ብዙ ጊዜ ይህን ድርሻ ከፍ ያደርጉታል። ለምሳሌ ያህል፣ የጥገናው ዋጋ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። መደበኛው ኤክሰስ 5 ሺህ፣ ለአዲስ ሹፌር የሚታከለው 10 ሺህ ቢሆን፣ ቤተሰብ 15 ሺህ ይከፍላል፣ ኩባንያው 45 ሺህ። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ በአረቦን 3 ሺህ ብር ረክሶ በኤክሰስ 10 ሺህ ከበለጠ ለጀማሪ ሹፌር አልረከሰም። ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ትንሽ ነገር ነው። ግንብ፣ በር፣ የቆመ መኪና መከላከያ። ከኤክሰሱ በታች የሆነ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የእናንተው ነው።

ሁሉንም ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ቅናሽ ክፍያ ላይ ሲደረስ ይጠፋል።

6. የመኪናውን ዋጋ አታሳንሱ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አረቦኑ የዋጋው መቶኛ ስለሆነ ሰው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። ወይም ከዓመታት በፊት የተመዘገበውን ዋጋ ሳይነካ ዝም ብሎ ያድሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን የብር የመግዛት አቅም ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖችም ዋጋቸው ሌላ ነው። የመለዋወጫውንማ ተዉት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መኪናው ዛሬ ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ውሉ ላይ የተጻፈው 1 ሚሊዮን ነው። ግማሹን ብቻ ነው ያስመዘገባችሁት። 200 ሺህ ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው በዚያው ልክ ግማሹን፣ 100 ሺህ ብር ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱን ይቀንሳል። ሰዎች በዚህ ተናደው «ኢንሹራንስ ሌባ ነው» ይላሉ። ውሉ ግን ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመተ ምሕረት ያለው መኪና ዛሬ በስንት እየተሸጠ እንደሆነ ሁለት ሦስት ቦታ አጣሩና ያንን አስመዝግቡ። ማጋነንም አያስፈልግም። ከመኪናው እውነተኛ ዋጋ በላይ ማንም አይከፍላችሁም።

7. ተጨማሪ ሽፋኖችን በጥያቄ ለዩ

ሁሉንም መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ለእናንተ ኑሮ የሚስማማውን ምረጡ።

ለመሃል አዲስ አበባ ነዋሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ከፊል ስርቆት ነው። ስፖኪዮ፣ መብራት፣ ጎማ በሌሊት ተፈትቶ ቢወሰድ ውሉ ይሸፍናል? ሙሉ መኪናው ሲሰረቅ የሚከፍል ውል ለስፖኪዮ ላይከፍል ይችላል።

ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚተኛው ጎርፍም ያሳስባል። ሞተር ውስጥ ውኃ ቢገባስ ብላችሁ ጠይቁ።

ሹፌሩና ተሳፋሪዎች ላይ ለሚደርስ የአካል ጉዳት የሚሆን ሽፋን ለወጣት ሹፌር ቅንጦት አይደለም ባይ ነኝ። ጓደኞቻችሁን ጭናችሁ ነው የምትነዱት።

ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ቢኤስጂ የሚባለውን ጠይቁ። ሽፍታና ታጣቂ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገዛ ሽፋን ነው። ከሸገር የማይወጣ ሰው ላያስፈልገው ይችላል።

መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪው ተሸፍኗል ወይ? ያረጀ ዕቃ በአዲስ ሲቀየርስ ከእናንተ የሚጠየቅ መዋጮ አለ? እነዚህንም ጻፉና ሂዱ።

አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅ። የቤት መኪና ተብሎ ኢንሹራንስ የተገባለትን መኪና ለኪራይ ወይም ለሰው ማመላለሻ ሥራ እንዳታውሉት። ትርፍ ጊዜዬን በራይድ ልሥራበት የሚል ሐሳብ ለብዙ ወጣት ይመጣል። አገልግሎቱ ውሉ ላይ ካልተቀየረ በዚያ ሰዓት የሚደርስ አደጋ ካሳ የለውም።

8. ክፍያው

እዚህ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ሳትከፍሉ ሽፋን የለም፤ ወጣቶች በየወሩ ከኪስ ገንዘብ ለመክፈል ቢያስቡም የተለመደው አሠራር የዓመቱን አረቦን አንድ ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አጠራቅሙ። ከወላጅ ጋር መካፈልም ይቻላል፤ ለምሳሌ አባት ነባሩን አረቦን ይክፈል፣ በእናንተ ምክንያት የተጨመረውን እናንተ። ይህ ለብዙ ቤት ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክፍያውን በኩባንያው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ወይም ቅርንጫፉ በሚነግራችሁ የቴሌብር አከፋፈል ፈጽሙ። በሽያጭ ወኪል ወይም በብሮከር በኩል መሄድ ችግር የለውም፤ ፎርም በመሙላት ይረዷችኋል። ገንዘቡን ግን በወኪሉ የግል ሒሳብ አታስገቡ። ደረሰኙ ላይ የኩባንያው ስም፣ የታርጋ ቁጥሩና መጠኑ በትክክል መስፈሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ፖሊሲውን ተቀብላችሁ እነዚህን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፦ ታርጋ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የመኪናው ዋጋ፣ የእናንተ ስም እንደ መንጃ ፈቃዱ፣ ኤክሰስ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን። በአንድ ፊደል ስህተት ክሌም ላይ ወራት ይባክናሉ። የሦስተኛ ወገን ስቲከሩን መስታወቱ ላይ ለጥፉ፤ ሰርተፍኬቱ መኪናው ውስጥ ይሁን። ዋናውን ፖሊሲ ቤት አስቀምጡና ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ዓመታዊ ምርመራ አድርጋችሁ ቦሎ ስታወጡም የሦስተኛ ወገኑን ይጠይቋችኋል።

9. አንድ ነገር ብትነኩ

ለጀማሪ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ መረጋጋት ነው።

ቁሙ። ሰው ከተጎዳ ሰውዬውን አስቀድሙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። የጤና ተቋማት ለመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ በአዋጁ አለባቸው። በፍርሃት ጥሎ መሄድ ከአደጋው የሚብስ ወንጀል ነው።

ሰው ካልተጎዳ ፎቶ አንሡ። የሁለቱም መኪና ታርጋ፣ የቆሙበት ሁኔታ፣ የመንገዱ መስመር። የሌላውን ሹፌር መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም መዝግቡ። ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ፤ ያለ ትራፊክ ሪፖርት ክሌሙ ይከብዳል። ዙሪያችሁን የሚሰበሰበው ሰው «ተስማሙና ሂዱ» ይላል። ሽማግሌም አይጠፋም። አክብራችሁ ስሙ፤ ነገር ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁሉንም እከፍላለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ፣ ገንዘብም አትስጡ። ኩባንያው ሳያውቅ የገባችሁትን ቃል እንዲቀበል አይገደድም።

ወዲያው ለወላጅ ደውሉ፤ ከዚያ ለኩባንያው። የማሳወቂያው ቀነ ገደብ ፖሊሲው ላይ ተጽፏል፤ በጣም አጭር ሊሆን ይችላል። ኩባንያው አይቶ ሳይፈቅድ መኪናውን ጋራዥ አታስገቡ። ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ በንግድ ሕጉ የመድን ክስ የይርጋ ጊዜ ሁለት ዓመት ስለሆነ «ነገ ዛሬ» እየተባለ እንዳያልፍባችሁ።

10. የሚቀጥለው ዓመት

ዓመቱን ያለ ክሌም ከጨረሳችሁ ሲታደስ ቅናሽ ይጠየቃል። ራሱ ይቀነሳል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጠይቁ። በዚህ ምክንያት ትንሽ ጭረትን ክሌም ከማድረግ በራስ ማሠራት አንዳንዴ ያዋጣል። የጥገናውን ዋጋ ከኤክሰሱና ከሚቀርባችሁ ቅናሽ ጋር አስሉት።

ሲታደስ የመኪናውን ዋጋ እንደገና ለዘመኑ አስተካክሉ። የአዲስ ሹፌር ተጨማሪው ኤክሰስም አሁን እንደሚነሳላችሁ ወይም እንደማይነሳ ጠይቁ፤ ልምዳችሁ አንድ ዓመት ጨምሯልና። ኩባንያ መቀየር ካሰባችሁ ከቀድሞው ካሳ እንዳልጠየቃችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት አድርጉ። አንድ ቀን የራሳችሁን መኪና ስትገዙም ስማችሁ የሰፈረበትን የኢንዶርስመንት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዛችሁ ለአዲሱ ኩባንያ አቅርቡ።